ስትሮክን መለየትና አስቸኳይ እርዳታ ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስትሮክ ሲባል በአንጎል ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ስትሮክ ለአንድ የአንጎል ክፍል የሚደርሰው ደም በድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚደርስ ጉዳት ነው። ይበልጥ የሚያጋጥመው የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን፣ የረጋ ደም ከልብ ወይም ከአንገት ደም ቧንቧ ተነሥቶ ወደ አንጎል በመሄድ፣ አለዚያም እዚያው በጠበበ ደም ሥር ውስጥ በመፈጠር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ለዓመታት በቁጥጥር ሥር ሳይውል የቆየ የደም ግፊት ያደከመው ደም ሥር ሲፈነዳ ነው።

አንጎል ኦክስጅንና ስኳር ለክፉ ቀን አጠራቅሞ የማስቀመጥ አቅም ስለሌለው፣ ደም ሲቋረጥበት ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሳይከፈት በቆየ ቁጥር በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚጠፉ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል። ይሁን እንጂ ደም የተቋረጠበት አካባቢ በሙሉ በአንድ ጊዜ አይሞትም። በዳር በኩል ያለው ክፍል ከአጎራባች ደም ሥሮች በምትደርሰው ጥቂት ደም እየተደገፈ፣ ሥራውን አቁሞ ግን ሕይወቱ ሳያልፍ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቆያል። አስቸኳይ ሕክምናው የሚሽቀዳደመው ይህን ክፍል ለማትረፍ ነው።

ስትሮክ የልብ በሽታ ነው?

አይደለም፤ የአንጎል በሽታ ነው። ይሁን እንጂ መነሻው ልብ ሊሆን ይችላል፤ የልብ ምት መዛባት ወይም የልብ በር ሕመም ያለበት ሰው ልብ ውስጥ የሚረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ምልክቶቹን እንዴት ሊለያቸው ይችላል?

ከሁሉም በፊት ልብ ሊባል የሚገባው የምልክቶቹ ድንገተኛነት ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ደህና ሲያወራና ሲንቀሳቀስ የነበረ ሰው በድንገት ከተለወጠ ፊቱን፣ ክንዱንና ንግግሩን ይፈትሹ፤ ሦስቱንም ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ፊቱን ለመፈተሽ ጥርሱን አሳይቶ ፈገግ እንዲል ይጠይቁት። አንደኛው የከንፈር ጫፍ ሲነሣ ሌላው ባለበት ከቀረ፣ ወይም ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደው መስመር በአንድ በኩል ጠፍቶ ፊቱ ለስልሶ ከታየ፣ ፊቱ ጠሟል ማለት ነው። አፉን ዘግቶ ዝም ባለ ሰው ላይ መጣመሙ ላይታይ ስለሚችል ማስፈገጉ ግድ ነው።

ክንዱን ለመፈተሽ ደግሞ ተቀምጦ ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ሁለቱንም ክንዶች መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ፊት እንዲዘረጋና ለ10 ሰከንድ ያህል እንዲያቆያቸው ይንገሩት። ድካሙ ከባድ ከሆነ አንደኛው ክንድ ጨርሶ አይነሣም። ቀላል ከሆነ ግን የሚታየው ነገር ረቂቅ ነው፤ መዳፉ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ከዚያም ክንዱ ባለቤቱ ሳይታወቀው ወደ ታች ይወርዳል። ዓይን የሚጨፈነውም ለዚሁ ነው፤ ክንዱን እያየ ያለ ሰው ሲወርድ አይቶ ስለሚመልሰው ምልክቱ ይሰወራል።

ለንግግሩ፣ «ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል» የሚል ዓይነት አጭር ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና እንዲደግመው ይጠይቁት። ምላሱ እንደተሳሰረ ሆኖ ቃላቱ ከተኮላተፉ፣ ወይም ቃል ጠፍቶት ከተቸገረ፣ ወይም ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ነገር ከመለሰ ምልክቱ አለ ማለት ነው። የመጨረሻው በተለይ ያሳስታል፤ ቃላቱ ጥርት ብለው ስለሚወጡ በአጠገቡ ያሉ ሰዎች ግራ የተጋባ፣ የሰከረ ወይም የተቆጣ ይመስላቸዋል።

ከሦስቱ አንዱ ብቻ መታየቱ ለአስቸኳይ ጥሪ በቂ ነው። ሌሎቹ እስኪጨመሩ መጠበቅ አያስፈልግም።

ፊት፣ ክንድና ንግግር ደህና ከሆኑ ስትሮክ አይደለም ማለት ነው?

እንደዚያ ብሎ መደምደም አይቻልም። ከላይ የተጠቀሰው ፍተሻ ብዙውን ስትሮክ ቢይዝም በአንጎል የኋላ ክፍል ላይ የሚደርሰውን ሊያመልጠው ይችላል። ሚዛን በድንገት ጠፍቶ መንገዳገድ፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ወይም መቆም አለመቻል፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ ከባድ ማዞርና ማስመለስ በዚያ አካባቢ የተከሰተ ስትሮክ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ የአንድ ዓይን ብርሃን በድንገት መጥፋት፣ በሁለቱም ዓይኖች ግማሹን የእይታ ክልል ማጣት፣ እንዲሁም በአንድ የሰውነት ጎን የሚሰማ የመደንዘዝ ስሜት በተመሳሳይ ጥድፊያ መታየት አለባቸው። እግር ብቻ የሚደክምበት ጊዜም አለ።

ራስ ምታትን በተመለከተ፣ አብዛኛው ስትሮክ ራስ ምታት የለውም። በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የሚነካና ሰውየው በሕይወቱ እንዲህ ያለ አይቶ እንደማያውቅ የሚናገርለት ራስ ምታት ሲመጣ ግን፣ በተለይ ማስመለስ፣ የአንገት መድረቅ ወይም ራስን መሳት ከተከተለው፣ በአንጎል ዙሪያ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል።

ሕመምተኛው ራሱ «ደህና ነኝ» ካለስ?

ይህ ጥያቄ ከሚሰጠው ቦታ የበለጠ ሊሰጠው የሚገባ ይመስለኛል፤ ጊዜ ከሚባክንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነውና። ስትሮክ ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው ደረቱን ወይም ሆዱን ሲያመው እርዳታ ይጠራል፤ እጁ ሲዝል ግን «ተኝቼበት ነው፣ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ይጋደማል።

ከዚህ የጠነከረ ሌላ ምክንያትም አለ። ጉዳቱ በቀኝ የአንጎል ክፍል ላይ ሲሆን ሕመምተኛው የግራ ጎኑን ችግር ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። ግራ እጁ ከወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ «አንሣው» ሲባል «አነሣሁት» ይላል፤ አንዳንዱም እጁን እያየ የሌላ ሰው ነው ይላል። ይህን የሚለው ለመዋሸት ወይም ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ሳይሆን፣ ጉድለቱን ሊነግረው የሚገባው የአንጎል ክፍል ራሱ ስለተጎዳ ነው። ስለዚህ እርዳታ ለመጥራት የሕመምተኛውን ፈቃድ ወይም እምነት መጠበቅ ትክክል አይሆንም። የሚታመነው በዓይን የታየው ምልክት ነው።

ምልክቶቹ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ከጠፉ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል?

አዎ፣ በዚያው ሰዓት። የረጋው ደም ዘግቶ ቆይቶ በራሱ ሲሟሟ ወይም ሲያልፍ ምልክቶቹ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊጠፉ ይችላሉ። ሐኪሞች ይህን ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት ይሉታል፤ ከዚህ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ እውነተኛ ስትሮክ የመከተል ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከዚህም በላይ ምልክቱ ሲጠፋ እውነትም አልፎ ይሁን ወይስ ጥቂት ጉዳት ትቶ ይሁን ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚጀመረው የመከላከያ ሕክምና ብዙ ነገር ያተርፋል። በመሻሉ ተደስቶ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ያንን ዕድል ያልፈዋል።

ምልክቱን እንዳየሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በአካባቢዎ ወዳለው የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ይደውሉና «ስትሮክ ይመስለኛል» ይበሉ። «አሞታል» ወይም «ወድቋል» ከማለት ይልቅ ይህን ቃል መጥቀስ ጥሪው የሚስተናገድበትን ቅደም ተከተል ሊለውጥ ይችላል። ለዘመድ መደወል፣ ምክር መጠየቅ፣ ልብስ መቀየር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እርዳታ እስኪደርስ ሕመምተኛው እንዳይወድቅ አድርገው ምቹ በሆነ ቦታ ያሳርፉት፤ ተነሥቶ እንዲራመድ አያድርጉ። በአንገቱ ዙሪያ የጠበቀ ልብስ ካለ ያላሉለት። የደከመውን ክንድ አይጎትቱ፤ ጡንቻው ስለማይይዘው ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። የሚያስመልሰው ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተና እየተነፈሰ ከሆነ ወደ ጎኑ አስተኝተው የአፉን ፈሳሽ እንዲወጣ ያድርጉ። መተንፈስ ካቆመ በስልክ መስመሩ ላይ ያለው ባለሙያ በሚሰጥዎ መመሪያ ደረቱን መጫን ይጀምሩ።

መናገር ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚባለውን ይሰማል። ስሙን እየጠሩ እርዳታ እየመጣ መሆኑን ይንገሩት፤ በፊቱ ስለ መሞትና ስለ መትረፍ አይነጋገሩ።

ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ይህን ያህል ለምን ይጠየቃል?

የሚሰጠው ሕክምና በሰዓት የታጠረ ስለሆነ ነው። ሐኪሙ የሚፈልገው ሕመምተኛው የተገኘበትን ሰዓት ሳይሆን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። ሁለቱ በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ማታ በ4 ሰዓት ደህና ሆኖ ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት የተገኘ ሰው ስትሮኩ መቼ እንደጀመረው አይታወቅምና፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ያየው ወይም በስልክ ያነጋገረው ሰው ካለ ግን ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል፤ ይህች ትንሽ መረጃ ሕክምናውን ልታስፈቅድ ወይም ልትከለክል ትችላለች።

ሰዓቱን በወረቀት ወይም በስልክዎ ላይ ይጻፉት። በድንጋጤ ውስጥ የሚነገር ሰዓት ከሰው ሰው ሲተላለፍ ይለዋወጣል። ከእንቅልፍ ሲነሣ ምልክቱ የተገኘበት ሰው «አልፎበታል» ተብሎ ቤት መቅረት የለበትም፤ በኤምአርአይና በሌሎች የምስል ምርመራዎች ገና ሊተርፍ የሚችል የአንጎል ክፍል መኖሩን ማየት የሚቻልበት ጊዜ አለ።

አስፕሪን ልስጠው?

አይስጡት። አስፕሪን በረጋ ደም ምክንያት ለሚመጣው ስትሮክ ይጠቅማል፤ ደም በሚፈስበት ጊዜ ግን ፍሳሹን ሊያባብሰው ይችላል። ሁለቱን ዓይነቶች ከውጭ በማየት ማንም፣ ልምድ ያለው ሐኪምም ቢሆን፣ በእርግጠኝነት ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው የሲቲ ስካን ምርመራ ነው። ይህ ምክር የልብ ደም ሥር በድንገት የመዘጋት ምልክት ለታየበት ሰው ከሚሰጠው ምክር የተለየ በመሆኑ ሁለቱ እንዳይምታቱ ያስፈልጋል።

የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ መድኃኒቱን ልስጠው?

በስትሮክ ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ደም ሥር ሲዘጋ ግፊቱ ከፍ ማለቱ ጥቂት ደም በዳር በኩል እንዲያልፍ ሊረዳ ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ በድንገት ማውረድ በሞትና በሕይወት መካከል ያለውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል። ግፊቱ መቼና ምን ያህል መውረድ እንዳለበት የሚወሰነው ከምርመራ በኋላ ነው። ግፊት መለኪያ በእጅዎ ካለ ቁጥሩን መዝግቦ መያዝ አይከፋም፤ ለመለካት ሲባል ግን ጥሪው መዘግየት የለበትም።

ውሃ ወይም ጣፋጭ ነገር ማጠጣትስ?

ምንም ነገር በአፉ አይስጡት። ስትሮክ የመዋጥ አቅምን ሊያሳጣ ስለሚችል አንድ ጉንጭ ውሃ እንኳ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ወይም የሳንባ ምች ሊያስከትልበት ይችላል። ሆስፒታልም ከገባ በኋላ መዋጥ መቻሉ ሳይፈተሽ ምግብና ክኒን አይሰጠውም። ሕመምተኛው የስኳር በሽታ ካለበትና መለኪያው በቅርብ ከተገኘ የስኳሩን መጠን ለክተው ለደወሉለት ባለሙያ ይንገሩ፤ የደም ስኳር መውረድ ስትሮክን ሊመስል ስለሚችል ቀጣዩን እርምጃ እርሱ ይነግርዎታል።

ጣትን ወይም ጆሮን በመርፌ ወግቶ ደም ማፍሰስ ይረዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ከጣት ጫፍ የሚወጣ ደም በአንጎል ውስጥ የተዘጋውን አይከፍትም፣ የሚፈሰውንም አያቆምም። ከሁሉ የሚከፋው የሚወስደው ጊዜ ነው። ስለ ማሸት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለ ማፍሰስና ስለ ማሽተትም የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው።

አምቡላንስ ልጠብቅ ወይስ በመኪና ልውሰደው?

አምቡላንስ በአፋጣኝ የሚደርስ ከሆነ የተሻለው እርሱ ነው፤ ባለሙያዎቹ በመንገድ ላይ የመተንፈሻ ቧንቧው እንዳይዘጋ ይጠብቃሉ፣ ስኳሩን ይለካሉ፣ ሆስፒታሉም አስቀድሞ እንዲዘጋጅ ይነግራሉ። አምቡላንስ እንደማይመጣ ወይም በጣም እንደሚዘገይ ከተነገረዎት ግን በተገኘው ተሽከርካሪ መሄድ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል። በዚህ ጊዜ ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው ከሕመምተኛው አጠገብ ይቀመጥ። ሕመምተኛው ራሱ ፈጽሞ መንዳት የለበትም።

የሚኬድበት ቦታም ይታሰብበት። ሲቲ ስካን የሌለው ተቋም የስትሮኩን ዓይነት ስለማይለይ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ይልካል፤ በቅርብ ርቀት ላይ ምርመራው ቀንና ሌሊት የሚሰጥበት ሆስፒታል ካለ በቀጥታ ወደዚያ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል። ሕመምተኛው መተንፈስ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ቅርብ ወደሆነው ይውሰዱት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥኑትን፣ ከነማሸጊያቸው ይያዙ።

ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ምን ይደረግለታል?

በመጀመሪያ የሲቲ ስካን ይነሣል። የፈሰሰ ደም ካለ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። በመዘጋት የመጣ ስትሮክ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምስሉ ላይ ምንም ላያሳይ ስለሚችል፣ «ምርመራው ንጹሕ ነው» መባሉ ስትሮክ የለም ማለት ላይሆን ይችላል።

ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠና ሌላ ክልከላ ከሌለ፣ ምልክቱ ከጀመረ በ4.5 ሰዓት ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። የዚህ ሕክምና ጥቅም እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ሲረጋገጥ ገደቡ 3 ሰዓት የነበረ ሲሆን፣ በ2008 በወጣ ሌላ ጥናት ተራዝሟል። መድኃኒቱ ደም የማፍሰስ አደጋ ስላለው ለሁሉም አይሰጥም። ገደቡ 4.5 ሰዓት ነው ማለትም እስከዚያ ድረስ ጊዜ አለ ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያው ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት በአራተኛው ሰዓት ከተሰጠው እጅግ ይበልጣል።

የተዘጋው ትልቅ ደም ሥር ከሆነ ደግሞ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ስቦ ማውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ በርካታ ጥናቶች ጥቅሙን አረጋግጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሰዓት ውስጥ የሚደረግ ሲሆን፣ በምስል ለተመረጡ ሕመምተኞች እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ይህን ሕክምና የሚሰጡት ግን የተወሰኑ ማዕከላት ናቸው። ደም በሚፈስበት ስትሮክ የደም ግፊቱን በጥንቃቄ ማውረድ፣ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን ውጤት መቀልበስ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ለእነዚህ ሁሉ ሳይደርስ የዘገየ ሕመምተኛም ቢሆን ሆስፒታል መተኛቱ ይጠቅመዋል። ለስትሮክ በተለየ ክፍል ውስጥ የሚደረግ የተቀናጀ ክትትል ሞትንና የአካል ጉዳትን እንደሚቀንስ በሚገባ የተረጋገጠ ነው።

ወጣቶችንም ይይዛል?

አዎ። ዕድሜ ሲጨምር አደጋው ቢጨምርም ስትሮክ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉ ሰዎችን፣ አልፎ አልፎም ሕፃናትን ያጠቃል። በወጣቶች ላይ የአንገት ደም ቧንቧ መሰንጠቅ፣ የልብ በር ሕመም፣ እርግዝናና ወሊድን ተከትሎ የሚመጣ የደም መርጋት፣ እንዲሁም አነቃቂ ዕፆች መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ሕመምተኛው ወጣት ሲሆን ማንም ስትሮክን አለመጠርጠሩ ነው፤ ምልክቱ ለመጠጥ ወይም ለጭንቀት ይሰጣል።

አደጋውን ይበልጥ የሚጨምረው ምንድን ነው?

ግንባር ቀደሙ የደም ግፊት ነው፤ ምልክት ስለሌለው ሳይለኩት ሊታወቅ አይችልም። ያልተስተካከለ የልብ ምት በስትሮክ የመያዝን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የኮሌስትሮል መብዛት፣ ከመጠን ያለፈ አልኮልና እንቅስቃሴ አልባ ኑሮ ይከተላሉ። ቀድሞ ስትሮክ የያዘው ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ስለሚበልጥ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ተሽሎኛል ብሎ ማቋረጥ አይገባውም።

ብቻዬን ሳለሁ ምልክቱ ቢጀምረኝስ?

መናገር ሳያቅትዎ ወዲያው ይደውሉ። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ ያድርጉት፤ እጅዎ ሊዝል ይችላልና። የቤቱ በር ቅርብ ከሆነና መንቀሳቀስ ከቻሉ ይክፈቱት፤ ካልሆነ ባሉበት ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ደረጃ አይውረዱ፣ ገላዎን ለመታጠብ ወይም ለመተኛት አይሞክሩ። መናገር ቢያቅትዎም መስመሩን አይዝጉት።

አስቸኳይ እርዳታ ጠርቼ በኋላ ስትሮክ ባይሆንስ?

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። የደም ስኳር መውረድ፣ የሚጥል በሽታ ካለፈ በኋላ የሚቆይ ድካም፣ ማይግሬንና የፊት ነርቭ መታመም ስትሮክን ይመስላሉ። ለምሳሌ የፊት ነርቭ ሲታመም ብዙ ጊዜ ግንባርን መቋጠርና ዓይንን መክደን ጭምር ያቅታል፤ በስትሮክ ግን ግንባሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቋጠራል። ይህ ልዩነት ሐኪምን የሚረዳ እንጂ ቤት ለመቅረት የሚያበቃ ማስረጃ አይደለም። የድንገተኛ ክፍል ባለሙያዎች ስትሮክ መስሎ የመጣን ሌላ ሕመም በየጊዜው ስለሚያዩ በመምጣትዎ አይወቅሱዎትም፤ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዳንዶቹም በራሳቸው አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋሉ።